አንጀት ቅቤ ሳይጠጣም ይታደራል

ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔት፣ ጥረዛ፣ ጉርድ ፎቶ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክቡበት ሰሞን በሬ ላይ ወረፋ ነው፤ በተረፈው ጊዜ ዝንብ እሽ እያልን እንውላለን። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ልጅ ቀጠርኩ። ኮምፒውተር ከማብራት ጀምሮ አስተማርኩት። ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ በላን። ቤት ኪራይ ሲያጥረው 18 ሺህ ብር አበደርኩት። ከዚያ አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። ሐሙስ ዕለት ከመንገዱ ማዶ፣ ከበሬ አርባ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አዲስ ሰማያዊ በር ተከፈተ። ውስጥ ያለው እሱ ነው። የደንበኞቼን ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ገልብጦ ኖሮ ለሁሉም መልእክት ልኳል፤ "ቦታ ቀይረናል፣ ማዶ ኑ።"

"ቀይረናል" ነው ያለው። ብሩም ደንበኛውም ቀርቶ፣ እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ "እኛ" የምታሰኝ ቃል ናት።

ይህን የምጽፈው ይቅር ባይ ስለሆንኩ አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ በቀል ማሰብን እንደ ሁለተኛ ሥራ ይዤው ነበር፤ ደመወዝ የለው፣ ዕረፍት የለው። እንዴት እንደለቀቀኝ፣ ቢያንስ ብዙው እንዴት እንደለቀቀኝ ነው የምነግርህ። "አንተ" የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው፤ እህቴ፣ አንቺም አለሽበት።

የምትፈልገው ምንድን ነው?

ስንናደድ የምንለውን አስተውል። "ልኩን አሳየዋለሁ።" "ማን እንደሆንኩ አሳየዋለሁ።" "ቆይ ብቻ፣ ያያታል።" ሁሉም ማየትና ማሳየት ነው። አንጀታችን ቅቤ የሚጠጣው ሰውየው ስለተጎዳ ብቻ አይደለም፤ የሠራውን ሲያይ፣ ሰፈሩም ሲያይልን ነው።

ስለዚህ ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ። ነገ ጠዋት ሰውየው አንተ ባልነካካኸው ነገር፣ በጎርፍ በለው በመብራት ኮንታክት፣ ንብረቱ ቢወድም ይበቃሃል? እኔ ራሴን ስጠይቅ መልሴ "አይ፣ ከኔ እንደመጣበት ማወቅ አለበት" የሚል ሆነ። እንግዲያው የፈለግኩት ኪሳራውን አልነበረም ማለት ነው። "በድዬሃለሁ" እንዲለኝ ነው የፈለግኩት። እሱ እንቢ ካለም አንድ የሚሰማ ሰው "ተበድለሃል" እንዲለኝ። ያንተ መልስ "አዎ፣ ይበቃኛል" ከሆነ ግን ምናልባት የሚያንገበግብህ ያጣኸው ነገር ነው፤ እሱ ይቀላል፣ ወደታች እደርስበታለሁ።

ይህን ሳትለይ አንድ እርምጃ አትራመድ፤ በቀል ያረካኛል የሚለው ግምታችን ብዙ ጊዜ ይሸውደናልና። በ2008 እ.ኤ.አ. ኬቨን ካርልስሚዝ፣ ቲሞቲ ዊልሰንና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ገንዘብ የሚዋጣበት ጨዋታ አዘጋጅተው አንዱ ሌሎቹን እንዲሸውድ አደረጉ። ገሚሱ ተጫዋች ሸዋጁን የመቅጣት ዕድል ተሰጠው፣ ገሚሱ አልተሰጠውም። ሰዎቹ "መቅጣት ደስ ይላል" ብለው ነበር የገመቱት። የሆነው ሌላ ነው። የቀጡት ካልቀጡት የባሰ ከፋቸው፣ ሰውየውንም ሲያብሰለስሉት ቆዩ። ዕቁብ በልቶ የጠፋ ሰው የገጠመው ይህን ጨዋታ በደንብ ይረዳዋል።

የኔ ትንሿ በቀል

የካቲት ላይ ነው፣ ከሰዓት። የሐዋሳን የየካቲት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። "ልጄ፣ እዚህ ይሠራ የነበረው ልጅ የት ሄደ? የልጄን ሰርተፊኬት ላሚኔት ሊያደርግልኝ ተቀብሎኝ ነበር" አሉኝ። ከተቀመጥኩበት ሰማያዊው በር ይታየኛል። እሱ ራሱ ይታየኛል፤ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ይቆርጣል።

"ዘግቷል እማማ፣ ሀገር ለቋል" አልኳቸው።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ? ለአንድ ደቂቃ፣ አዎ። ሴትየዋ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። መናኸሪያ ድረስ ሄደው በየኮፒ ቤቱ ሲጠይቁ ውለዋል፤ በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር አሳይቷቸው አግኝተውታል። ሰርተፊኬቱ በእጃቸው ነው። ማዶውን በጣታቸው አሳዩኝና "እዚህ ነው እኮ ያለው ልጄ" አሉኝ፤ እንደማላውቅ ቆጥረው፣ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እንድነግረው ብለው። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው" የሚለው ተረት የሚገባበት ራስህ ልትሆን ትችላለህ ለማለት ነው። እኔ በማስኩት ግን የገቡት እኒያ እናት ናቸው። የዕለት ተዕለት በቀል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከተላከበት ሳይደርስ መንገድ ላይ ያገኘውን ይመታል። ቢሮ ውስጥ ባልደረባህን ለማሳጣት "ፋይሉ የት እንዳለ አላውቅም" ስትል የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው። ጎረቤትህን ለማናደድ ሌሊት ሙዚቃ ስትከፍት የምትነቃው ከጥግ ያለችው አራስ ናት። ሚስትህን ስታኮርፍ እራት ላይ ድምፁ የሚጠፋው ልጅህ ነው። ስለዚህ እጅህን ከማንሳትህ በፊት "መንገድ ላይ ማን አለ?" በል።

መንገድ ካነሳን፣ ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ስትሄድ ባጃጅ ቢቆርጥብህ ይህ ሁሉ ትንተና አያስፈልግህም። ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ይሆናል ብለህ እለፈው። ውሸት ሊሆን ይችላል። ግን ውሸቱ ፍሬን ያስይዝሃል።

ሌሊት የተጻፈ ነገር

በቀል የሌሊት ሥራ ነው። አንድ ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ከፍቼ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ፎቶውን ለጠፍኩ፣ ለደንበኞቼ የላከውን መልእክት ስክሪንሾት ጨመርኩ፣ የብድሩን ነገር ዘረዘርኩ። ያልነበረም ትንሽ አከልኩበት፤ "ኮምፒውተርም ሰርቆኛል" አልኩ። አልሰረቀኝም። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያለበት ግሩፕ ላይ ልለቀው አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። አንዲት ትንኝ ጆሮዬ ሥር ትጮኻለች። ሐይቅ ያለበት ከተማ ነው፣ ትንኝ አይጠፋም። እሷን ልመታ ስልኩን አስቀመጥኩ፣ ስመታት ስስታት እንቅልፍ ወሰደኝ። በትንኝ ነው የዳንኩት።

ትንኝ ሁልጊዜ በሰዓቱ ስለማትደርስ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። የበቀል ጽሑፍ በወረቀት እንጂ በስልክ አይጻፍም። ወረቀት "ላክ" የሚል ቁልፍ የለውም። ስድቡንም እርግማኑንም ጻፈው፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህበት ሦስት ጠዋት ይደር። ጠዋት ያልኩት አውቄ ነው፤ ሌሊት ለሌሊት ብትቆጥር ያው የተናደደው አንተ ነህ መልሰህ የምታነበው። ፊትህን ታጥበህ፣ ቁርስ ቀምሰህ አንብበው። የኔን በሦስተኛው ጠዋት ሳነበው ከሁለት ገጽ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም አንድ መስመር ነው ያገኘሁት፤ "18 ሺህ ብሬን አልመለሰም፣ ደንበኞቼንም 'ቀይረናል' ብሎ ዋሽቷቸዋል።" ይቺን ቀደድኩና ኪሴ ከተትኳት። ሌላውን ለከሰል ማቀጣጠያ ተጠቀምኩበት።

በምርቃና ተወጥኖ በጨብሲ የጸደቀ ዕቅድም በዚሁ ደንብ ይተዳደራል። ስለሱ ብዙ አልልም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያን ጽሑፍ ብለቀው ኖሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል ሕግ አለ። የሰው ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል በኢንተርኔት ማሰራጨት ተበዳዩ ካመለከተ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ማስፈራራትም እዚያው ውስጥ አለ። አስበው እንግዲህ፤ ከሳሽ ሆኜ ተኝቼ ተከሳሽ ሆኜ ልነቃ ነበር።

ለስንት ሰው ትነግራለህ?

"ተናገረው፣ ይወጣልሃል" ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎችን አናድዶ በሦስት ከፈላቸው። አንዱ ወገን ያናደደውን ሰው እያሰበ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድብ፣ ሌላው ስለ ስፖርት እያሰበ እንዲደበድብ፣ የቀረው ምንም ሳያደርግ እንዲቀመጥ። ለመጉዳት ከሁሉም ያነሰ የቃጣው ዝም ብሎ የተቀመጠው ነው። ሰውየውን እያሰበ የደበደበው ከሁሉም ብሶበት ቁጭ አለ።

እኔ ከረጢት አልደበደብኩም፣ ግን ታሪኩን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረስኩት። ለፀጉር አስተካካዬ፣ ለጀበና ቡናዋ ልጅ፣ ለባጃጅ ሹፌሮች፣ ላሚኔት ሊያስደርግ ለመጣ ሰው ሁሉ። በነገርኩ ቁጥር ታሪኩ እንደ ቢላ እየተሳለ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ እኔኑ ይቆርጠኝ ጀመር።

ለሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ሰምቶህ ዝም የሚል፣ ምንም እንዲያደርግልህ የማትጠብቅበት። ሌላው ነገሩን ይዞ ሊንቀሳቀስልህ የሚችል። ከዚያ ውጪ ያለው አብዛኛው አራጋቢ ነው። አራጋቢ በምን ይታወቃል? አውርተኸው ስትነሳ ስትቀመጥ ከነበረው በላይ ደምህ ፈልቶ ትነሳለህ። "አንተ ሆነህ ነው እንጂ እኔ ብሆን..." ብሎ ከጀመረ የቡናህን ከፍለህ ውጣ። እሱ ሆኖ አያውቅም።

ሰውነትን ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው፣ ሐሳቡ አብሮህ ካልወጣ። ታቦር ተራራን ሰውየውን እያሰብኩ ወጥቼ፣ ሰውየውን እያሰብኩ ወርጃለሁ፤ ያተረፍኩት የጉልበት ሕመም ነው። የጠቀመኝ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ልጆቹ ዓሣውን ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ደግሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ትከሻቸውን ሰብስበው የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ቆመው ሲጠብቁ ማየት። አባ ኮዳ አጠገብህ ቆሞ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። ቁመቱ እስከ ደረትህ ይደርሳል፣ እጅህ ላይ ያለውን ነው የሚያየው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማያዊው በር ከጭንቅላቴ ይጠፋ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሃያ ደቂቃ ቀላል አይደለም።

ዕዳውን ከቂሙ ለይ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈል። በአንዱ በኩል ሊመለስ የሚችለውን፣ በሌላው የማይመለሰውን ጻፍ። የኔ የሚመለሰው 18 ሺህ ብሩና የ"ቀይረናል" ውሸት ነው። የማይመለሰው የሄደው ደንበኛ፣ ሁለት ዓመት፣ ከአንድ ትሪ መብላታችን። ይህን ሁለተኛውን የትኛውም ሽማግሌ፣ የትኛውም ዳኛ አያስመልስልህም፤ ቂም የሚቋጠረውም እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማይመለሰው ተቃጥሎ የሚመለሰውንም ሲተወው ነው። "ብሩንም አልፈልግ፣ ዓይኑንም አልይ፣ ብቻ አሳየዋለሁ" ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ምን ዓይነት ኩራት ነው? 18 ሺህ ብር እኮ ነው።

ለሚመለሰው መጀመሪያ ማስረጃ ሰብስብ። እኔ በባንክ ያስተላለፍኩበትን ደረሰኝ ፕሪንት አወጣሁ። በእጅህ ሰጥተህ ከሆነ ማን እንዳየ አስታውስ፣ "ብሩ ደርሶኛል" ያለበት መልእክት ካለ አታጥፋው። ከዚያ ራስህ ሄደህ ጠይቅ፤ አንድ ጊዜ፣ በቀን፣ ለብቻው። ነሐሴ ላይ ሄጄ "18 ሺህ ብሬን እስከ መስከረም መጨረሻ እፈልጋለሁ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሌላ ቃል አለመጨመር ከሁሉም የከበደኝ ነገር ነው፤ ምላሴ ላይ ቢያንስ አስር ዓረፍተ ነገር ተሰልፎ ነበር። "እሺ" አለኝ። አላመጣም።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ሽምግልና ላይ ልብ በል፤ ሽማግሌዎቹ ያንተ ሰዎች ብቻ ከሆኑ ነገሩ ሽምግልና መሆኑ ይቀርና ወረራ ይመስላል። እኔ ከዕድራችን አንድ አዛውንት፣ ለሁለታችንም ወረቀት የሚያከፋፍሉ ሰው፣ ከሱ በኩል ደግሞ አጎቱን ይዤ ነው የገባሁት። አስቀድመህም የምትፈልገውን በቁጥር ንገራቸው። ቁጥር ያልተሰጠው ሽማግሌ "በሉ ተሳሳሙ" ብሎ ይበትናችኋል፣ ብሩም አብሮ ይበተናል። የኛ ሽምግልና ትልቁ ድክመቱ ይሄ ይመስለኛል፤ ለዕርቁ ይቸኩላል፣ ለጉዳቱ አይቸኩልም።

ሲዳማዎች "አፊኒ" የሚሉት ሥርዓት አላቸው። "ሰማችሁ ወይ?" እንደማለት ነው፤ ነገር ከመወሰኑ በፊት የሁሉም ወገን ቃል ይሰማል። አዛውንቱ በዚህ ሥርዓት ያደጉ ናቸው። ልጁ ሲናገር ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሁለት ጊዜ እጃቸውን አነሱብኝ። ሦስተኛ ላይ ተውኩት። እሱም ቀጠለ፤ "የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ደመወዜን አልሰጠኝም፣ በወር 3 ሺህ ነበር፣ እየቆየህ ትወስዳለህ ብሎኝ ቀረ" አለ።

እውነቱን ነው። ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና እንዲህ ብዬዋለሁ። ረስቼው ነበር፤ አስመስዬ አይደለም፣ የምር ረስቼዋለሁ። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ ራሴን የማስቀምጠው ከተወጋው ወገን ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከ18ቱ ላይ 6 ሺሁ ለደመወዙ ተቻቻለ፣ ቀሪውን 12 ሺህ በስድስት ወር፣ 2 ሺህ 2 ሺህ እየከፈለ እንዲጨርስ ተስማማን። በጽሑፍ ሆነ፣ ሁላችንም ፈረምን፣ ኮፒው የኔው ማሽን ላይ ተነሳ። ስለ "ቀይረናል" ሳነሳበት "እሱ ልክ አልነበረም" አለ፣ ወለሉን እያየ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ከአፉ አልወጣችም። "ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ" ሲሉን ተባብለናል፣ በጥርሳችን። ግን ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው "ተበድለሃል፣ አንተም በድለሃል" ብለውኛል። ያን ዕለት ሌሊት ስምንት ሰዓትን አላየኋትም።

ሽምግልና ካልያዘልህ ፍርድ ቤት አለ። ገንዘብን በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ቂመኝነት አይደለም፤ የሰጠኸውን ነው የምትጠይቀው። አንዳንድ ሰው "ከሰሰኝ" ብሎ እንደ ስድብ ይወስደዋል። ይውሰደው።

ቀንም ምረጥ። ሲዳማ ውስጥ በዘመን መለወጫው በፍቼ ጫምባላላ (ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ማለት ነው) የተጣላ ታርቆ ወደ አዲሱ ዓመት እንዲሻገር ይጠበቃል። ሙስሊሙ ረመዳን ሲገባ አውፍ ይባባላል፣ ክርስቲያኑም ጾም ሲያዝ፣ በዓል ሲመጣ ሰው ይልካል። የእነዚህ ቀኖች ጥቅም ቀድሞ የመጣው ሰው ተሸናፊ አለመምሰሉ ነው። "በዓሉ አምጥቶት ነው" ይባላል፣ አንተም ፊትህ ሳይቀላ ትገባለህ።

"ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ"

ይቺን ንግግር ተጠንቀቃት። የምሩን ሰጥቶ እጁን የታጠበ ሰው አውቃለሁ፣ ያስቀናኛል። እኔ ግን ሰጥቼዋለሁ ብዬ ፈጣሪ ሥራውን ጀምሮ እንደሆነ በየቀኑ ማዶውን አጣራ ነበር። ዛሬ ስንት ሰው ገባለት? ለምን ዘግየት ብሎ ከፈተ? አሞት ይሆን? ይህ መስጠት አይደለም፣ በአደራ አስቀምጦ ወለዱን መጠበቅ ነው። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ያሉት ለኔ ዓይነቱ ነው።

ለዚህ የረዳኝ ተራ ነገር ነው። ወንበሬን አዞርኩት። ድሮ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ነበር የምቀመጠው፣ አሁን ጎኔን ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይም እንዲሁ። ብሎክ አላደረግኩትም፤ ብሎክ ማድረግ ራሱ መልእክት መላክ ነው፣ ከዚያ ደግሞ "አይቶት ይሆን?" እያልክ ልታጣራ ነው። ሚዩት አድርገውና ተወው። ስታተሱን በሌላ ሰው ስልክ ማየትም ማየት ነው፤ ይህን የምለው አድርጌው ስለማውቅ ነው።

ሰላምታና ለቅሶ

ይቅር ማለትና ወዳጅ መሆን ለየቅል ናቸው። ብዙ ሰው ይቅርታን የሚፈራው መልሶ ቤቱ የሚያስገባው እየመሰለው ነው። ቁልፍህን መልሰህ አትስጠው፣ ብድር አትድገምለት፣ ቡና አብረኸው መጠጣት ካልቻልክ አትጠጣ። ሰላምታ ግን አትከልክለው። እኛ ሀገር ሰላምታ መንሳት ራሱ ትልቅ በቀል ነው፣ በየቀኑም ጉልበት ይፈጃል፤ ሲመጣ አንገት ማዞር፣ ስልክ የሚያዩ መምሰል፣ መንገድ መሻገር። መጠኑን አንተ ወስን። የኔ ራስ መነቅነቅ ነው። አፍ አይከፈትም፣ እጅ አይወጣም።

ለቅሶ ሲሆን ግን ደንቡ ይለወጣል። በተለይ አንድ ዕድር ውስጥ ከሆናችሁ መቅረት አትችልም፣ ቅጣትም አለው። ሂድ። ድንኳን ውስጥ ገብተህ "እግዚአብሔር ያጽናህ" በለው፣ ንፍሮህን ቆርጥመህ፣ ትንሽ ቆይተህ ውጣ። እዚያ ስለ ብሩ የሚጠይቅህ የለም። አባቱ ሲሞቱ ሄጃለሁ። እጄን ሲጨብጠኝ መዳፉ ላይ የቶነር ጥቁረት ነበር፤ ያ ጥቁረት በሳሙና ቶሎ አይለቅም፣ የኔም እጅ ላይ አለ። ሌላ ምንም አልተባባልንም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት

እስካሁን የጻፍኩት ለገንዘብ፣ ለሐሜት፣ ለክህደት፣ ለጎረቤት ነገር ነው። ሰውየው የሚደበድብህ፣ የሚደበድብሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ የሚቀድመው ከአጠገቡ መራቅና ለፖሊስ ማመልከት ነው። "ለልጆችሽ ስትዪ" የሚል ሽማግሌ በዚህ ጉዳይ ላይ አይሰማ። አንተ ራስህ ደግሞ ሰዓትና ቦታ መምረጥ፣ የሚመታበትን ነገር ማዘጋጀት ከጀመርክ ይህን ማንበብህን አቁምና አሁኑኑ አንድ የምታምነው ሰው ጋ ደውል፤ ያዘጋጀኸውንም ነገር ለሱ አስረክበው። ደም ከገባበት በኋላ ሦስት ጠዋት መጠበቅ አይረዳም።

ከተገላገልክ በኋላም ይመለሳል። እኔ ዘንድ ባለፈው ሰኔ ተመለሰ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ነው፣ የሱ ፕሪንተር ተበላሸ። ማዶ በሩ ላይ ወረፋው ሲበተን፣ እሱ ማሽኑን ሆዱን ከፍቶ ላብ ሲያጠምቀው አየሁ። ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ ሻይ ሁሉ አዘዝኩ። አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ረዳቱ፣ አንዲት ቀጫጫ ልጅ፣ ፍላሽ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ 96 ገጽ ነው፣ በሦስት ኮፒ ከነጥረዛው፤ ተማሪው ነገ ጠዋት ያስረክባል፣ ይሠራልን ይሆን ወይ ብሏል" አለችኝ። ከኋላዋ ተማሪው ቆሟል፣ ጥፍሩን እየበላ።

ፍላሹን ተቀበልኳት። አተምኩ፣ ጠረዝኩ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አምሽቼ ጨረስኩ። ለባለሙያ የማደርገውን ቅናሽ ግን አላደረግኩለትም። ሙሉ ዋጋውን አስከፈልኩት፣ ደረሰኝም ቆረጥኩለት።